164 የሚል ጎማ አስሬ ጭነት ልጨምር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ ባለ ሦስት አክስል ሃይቤድ ተሳቢ ገዝቼ በጅቡቲ መስመር አሰማርቻለሁ። ጎማዎቹ ነጠላና ሰፋፊ፣ 385/65 አር 22.5 ናቸው፤ ጎናቸው ላይ 160 ይላል። መቀየሪያ ፍለጋ ብወጣ አንድ ነጋዴ 164 የሚል አሳየኝና «ይሄን ካሰርክ በየአክስሉ አንድ ቶን ትጨምራለህ» አለኝ። የቸርኬውንና የአክስሉን ሰሌዳ ፎቶ ልኬያለሁ። ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውየው ስለ ጎማው አልዋሸህም። ቁጥሩ አንዱ ጎማ የሚሸከመውን ጭነት ይነግርሃል፤ 160 ማለት 4,500 ኪሎ፣ 164 ማለት 5,000 ኪሎ ነው። ግን ጎማ ብቻውን መቼ ይሸከማል? በላክልኝ ፎቶ ቸርኬህ ላይ የተመታው 4,500 ኪሎ ነው። የአክስሉ ሰሌዳም 9,000 ይላል። ሁልጊዜ የሚወስነው ትንሹ ቁጥር ስለሆነ፣ 164 አሰርክም አላሰርክም በሦስቱ አክስል ከ27 ቶን አታልፍም። የሞጆ ሚዛን የሚፈቅድልህ ሌላ ሒሳብ ነው።

164ቱን ማሰር በራሱ ክፋት የለውም። ክፋቱ «ጎማው ይችላል» ተብሎ ሲጫን ነው፤ ያኔ ጎማው ደህና እየመሰለ ቸርኬው ይሰነጠቃል። ጎማ ሲወልቅ የዳዶ ቀዳዳዎቹን ዙሪያ በጨርቅ ጠርገህ እይ። ከቀዳዳው ተነስቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ቀጭን የዝገት መስመር ካየህ ወይ ዳዶው ላልቷል ወይ ቸርኬው ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀ ቸርኬ አይበየድም፤ ጎሚስታው ምንም ቢልህ ጣለው።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ርካሹ ነው። በዚሁ ልክ 158 ብቻ የተጻፈበት ጎማ ገበያ ላይ አይጠፋም፤ እሱ 4,250 ኪሎ ነው። ስድስቱንም በእሱ ከቀየርክ 27 ቶን የነበረው 25.5 ሆነ ማለት ነው። «160 ኬ» ካለ በኋላ ከጎኑ «158 ኤል» ቢል ግን አትደንግጥ፣ ያው ጎማ ነው፦ በሰዓት እስከ 110 ኪሎ ሜትር 4,500፣ እስከ 120 ደግሞ 4,250 ይችላል።

ሌላው ንፋስ ነው። 4,500 የሚባለው ጎማው 9 ባር፣ በጎሚስታው መለኪያ 130 ገደማ ሲይዝ ነው፤ እሱም ሳትነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ የተለካ። ቸርኬው ላይ የንፋስ ልክ ተጽፎ ከሆነ ከዚያ አታሳልፍ። አፋር በረሃ ላይ ቆመው ጎማውን በእጃቸው ነክተው «ጋለ፣ ሊፈነዳ ነው» እያሉ ንፋስ የሚያስተነፍሱ ሾፌሮች አሉ። የጋለ ጎማ ግፊቱ መጨመሩ ያለ ነው። ካስተነፈስከው ጎኑ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ይብስ ይግላል፣ የፈሩትም ይደርሳል። ሾፌርህን አሁኑኑ አስጠንቅቀው።

ስትገዛ የምርት ቀኑንም እይ። በአራት አኃዝ ነው የሚጻፈው፤ 2318 ካለ በ2018 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ዓመቱ የፈረንጅ ስለሆነ በእኛ ግንቦት 2010 መጨረሻ መሆኑ ነው። ነጋዴው «18 እኮ የእኛው 2018 ነው፣ አዲስ ነው» ካለህ፣ ገንዘብህን ይዘህ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፍ።