ጓንቱ ተገዝቷል፣ የሚያደርገው ግን የለም

ጥያቄ፦ አበባና ችግኝ በሚሸጥበት ቦታ የሠራተኞች ኃላፊ ነኝ። ስድስት ሠራተኞች አሉን። ባለፈው ወር አንዱ የአፈር ከረጢት ሲያነሳ ወገቡን ያዘው። አንዷ ደግሞ ፀረ ተባይ ረጭታ ስትጨርስ ራሷን አዞራትና አስመለሳት። ጓንትና ማስክ ገዝተናል፤ የሚያደርገው ግን የለም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በቅድሚያ ልጅቷን ሐኪም አይቷታል? ካላያት ዛሬውኑ ትሂድ። የፀረ ተባይ መድኃኒቱን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛ ትሂድ፤ ሐኪሙ ምን እንደነካት የሚያውቀው ከዚያ ነው።

እኔም 11 ዓመት ችግኝ ስሸጥ ኖሬአለሁ። ጓንቱን ለምን እንደማያደርጉት ጠይቀዋቸዋል? እኛ ጋ ሁሉም ጓንት አንድ ልክ ነበር፣ ትልቅ። እጃችን ትንሽ ለሆነው ሴቶች ጣቱ ይተርፍና መቀሱ ውስጥ ይገባል። አውልቀን እንጥለዋለን። ለየእጃችን ልክ ሲመጣልን ግን ማንም ሳይቆጣን አደረግነው። ደግሞ ጓንት ሁሉ አንድ አይደለም። ለእሾህ ወፍራም ቆዳ፣ ለመድኃኒት ፈሳሽ የማያሳልፍ ላስቲክ። የጨርቅ ጓንት መድኃኒቱን ይመጥና ቆዳ ላይ ለጥፎ ያቆየዋል።

የመድኃኒቱን ነገር አደራ እላለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሙቀት ቀን ጥላ ሥር የተቀመጠ የውሃ ጠርሙስ አንስቶ ክዳኑን ከፈተ። ውስጡ ከራሱ ዕቃ የተገለበጠ ፀረ ተባይ ነበር። አፉ ጋ ሲያደርሰው ሽታው አስደነገጠው እንጂ ሊጠጣው ነበር። እጄ ዛሬም ይንቀጠቀጣል ሳስበው። መድኃኒት ከራሱ ዕቃ አይወጣም፣ ቁም ሳጥኑም ይቆለፍ። ርጭቱ ደንበኛ ከሄደ በኋላ፣ ንፋስ በሌለበት ሰዓት ይሁን። ዕቃው ላይ የተጻፈው ሰዓት ሳይሞላ ማንም ወደዚያ አይመለስ።

ወገብን በተመለከተ፣ «ጉልበታችሁን አጥፋችሁ አንሱ» ማለት ብቻውን አይጠቅምም። ከረጢቱ ማሰሮዎች ጀርባ መሬት ላይ ከተጋደመ ማን አጥፎ ያነሳዋል? ዝናብ የጠጣ አፈር ደግሞ ሌላ ክብደት ነው። ጣሪያ ሥር፣ ወገብ ከፍታ ላይ ይደርደር። ጋሪው አጠገቡ ይቁም። ነጋዴው ትንንሽ ከረጢት ካለው እሱን ይዘዙ።

የተዘጋጀ የመትከያ አፈር ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ አቧራው ሲተነፈስ ሳንባ ያሳምማል። ከረጢቱ በመቀስ ቀስ ተብሎ ይከፈት፣ ፊት ዞር ይበል፣ አፈሩ ውሃ ይረጭበት። ከዚያ እጅ ታጥቦ ነው የሚበላው።

አንድ ቀን ቁልቋል ስቆርጥ ላቤን በእጅጌዬ ጠረግሁ። ወተቱ ዓይኔ ገባ። ቧንቧው ግቢው ጫፍ ላይ ነበር፤ በአንድ ዓይኔ እየተደናበርሁ ስደርስ ዓይኔ ቀልቷል። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ሥራ ቦታው አጠገብ ንጹሕ ውሃ ያኑሩ። ዓይን ውስጥ ነገር ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። ለድጋፍ የሚተከሉት እንጨቶች ጫፍም ይሸፈን፤ ጎንበስ ሲሉ ዓይን ይወጋሉ።

የውሃ ጎማ መተላለፊያ ላይ አይደር። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት መቼ እንደወሰዱም ሁሉንም ይጠይቋቸው፤ በየ10 ዓመቱ ይደገማል፣ እኛ ደግሞ እጃችን ከአፈርና ከእሾህ አይለይም።

ነገ ጠዋት ከመድኃኒቱ ቁም ሳጥን ይጀምሩ። ጓንቱን ደግሞ ከማዘዝዎ በፊት የስድስቱንም እጅ ይለኩ።