ከጎንደር ሐዋሳ በመኪና ሄዶ ማራቶን ስለመሮጥ

ወንድማችን፣ የመጀመሪያ ማራቶንዎን ሐዋሳ ላይ ሊሮጡ መሆኑን፣ ጓደኛዎም «አውሮፕላኑን ተወው፣ በእኔ መኪና እየተጫወትን እንሄዳለን» ማለቱን ጽፈው፣ መንገዱ እግርዎን ይጎዳው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ ከዓመታት በፊት ይህንኑ መንገድ ከአብሮ አደጌ ጋር በመኪና ሄጄ ስለሮጥሁ የደረሰብኝን ልንገርዎ። መሄዱ ይቻላል። እኔን ከመንገዱ ርዝመት ይበልጥ የጎዳኝ የተነሣንበት ቀንና የመስተንግዶው ብዛት ነው።

እሑድ ለሚደረግ ሩጫ እኛ የተነሣነው ሐሙስ ጠዋት ነበር። መንገዱ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አድርጎ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከዚያ እስከ ሐዋሳ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብረ ማርቆስና አዲስ አበባ አድረን ቅዳሜ ማታ ሐዋሳ ስንገባ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ጫማዬ አልገባ አለኝ። ሰው እግሩን አጥፎ ለሰዓታት ሲቀመጥ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ሥራ ስለሚፈታ ፈሳሹ ወደ ታች ይጠራቀማል። ስለዚህ ረቡዕ ተነሥተው ዓርብ ይግቡ፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ዕረፍት ይሁን። በዋዜማው ሌሊት ከጭንቀት የተነሣ እንቅልፍ እምቢ ሊል ስለሚችል፣ የዓርብ ሌሊቱን እንቅልፍ በደንብ ይተኙት።

ወደ መስተንግዶው ልመለስ። ደብረ ማርቆስ ያደርነው የጓደኛዬ አክስት ቤት ነበር። ጎጃም ገብቶ «በቃኝ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያውቁታል። ዶሮ ወጡን «በሞቴ» እያሉ ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ፤ ጠላው ተከተለ፤ ለመንገድ ድካም ነው ተብሎም አረቄ ቀረበ። እምቢ ስል ጓደኛዬ «አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፤ አንተ አንዲት መለኪያ ፈራህ?» አለኝ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ለእኔ ግን አልሠራም። በማግስቱ ከደጀን ወርደን የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ ስንጀምር ሆዴ ታወከ፤ ዝንጀሮዎቹ እያዩኝ ሁለት ጊዜ ከመኪና ወረድሁ። ረቡዕ መነሣት በዚህም ይጠቅምዎታል፤ «ጾም ነው» ብለው ከዶሮው ማምለጥ ይችላሉ። በእኔ አስተያየት ከቤት የተቀቀለ ሩዝና ዳቦ ይዞ መሄድ ይሻላል፤ ወረታን ሲያልፉ የሚያዩት የፎገራ ሜዳም የሩዝ አገር ነው።

ውኃን በተመለከተ ሞኝነት ሠርቻለሁ። በየመንገዱ «አቁምልኝ» እንዳልል ብዬ እየቆጠብሁ ስለጠጣሁ ሐዋሳ የደረስሁት ሽንቴ ጠቁሮ ነው። እርስዎ ቀስ እያሉ ይጠጡ፤ ከጓደኛዎ ጋርም በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ቆማችሁ አሥር ደቂቃ በእግር እንድትሄዱ አስቀድማችሁ ተስማሙ። መሪውን አይያዙ፤ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሥራ፣ በተለይ በዓባይ ቁልቁለት፣ እግርን ያደክማል። ሐሙስ ጠዋት ግን ከመነሣታችሁ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል በዝግታ ቢሮጡ ሰውነትዎ ይፍታታል። የመሮጫ ጫማዎን ከሻንጣው ጋር ፖርቶ መጋላ ላይ አያስጭኑ፤ ከእጅዎ አይለይ። ስለ መንገዱ ሰላም ደግሞ በዚያው ሳምንት የተመላለሱ ሾፌሮችን ይጠይቁ።

ጥፋቱን ሁሉ በመንገዱ ላይ እንዳላላክክ አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐዋሳ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለእኛ ለደገኞች ትንፋሹ ይቀልላል። ይህ ቅለት አታለለኝና የመጀመሪያውን አጋማሽ ከልምምዴ ፍጥነት በላይ ሮጥሁት። ፀሐዩ ሲበረታ 32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባቴ ተሸማቀቀና ከ42.195 ኪሎ ሜትሩ የቀረውን ግማሹን በእርምጃ ጨረስሁ። እዚያ ሲሮጡ ትንፋሽዎ ቢቀልልም የጎንደሩን ፍጥነትዎን ቢያንስ እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ይጠብቁ።

ለመመለሻውም ሰኞን አይምረጡ። እኔ በማግስቱ ተነሥቼ ምሳ ልንበላ ስንቆም፣ ጓደኛዬ እንደ አራስ ደግፎ ነበር ከመኪናው ያወረደኝ።