«ካርድ ክፍል ደርሼ ተመለስኩ»፦ ከባሕር ዳር የደረሱኝ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። በስልክ ስለሚመጣ ስድብ፣ ዛቻ፣ ያለ ፈቃድ ስለተለቀቀ ፎቶ። ጠያቂዎቹን በጣም የጨነቃቸው ግን «እኔስ የት ሄጄ ልናገር?» የሚለው ነው። አምስቱን መርጫለሁ።

*«የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ። የቀድሞ ፍቅረኛዬ ፎቶሽን ቴሌግራም ላይ እለቀዋለሁ እያለ ብር ይጠይቀኛል። ሁለቴ ላክሁለት። አሁንም ጨምሪ አለኝ። ለቤተሰብ መናገር አልችልም። ከየት ልጀምር?»*

እህቴ፣ መጀመሪያ ብሩን አቁሚ። ሁለቱ ክፍያ ዝም አላሰኘውም፤ ሦስተኛውም ዝም አያሰኘውም።

ሁለተኛ፣ ምንም ነገር አትሰርዢ። ብዙዎች በንዴት ቻቱን ሙሉ ያጠፉትና ፖሊስ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ባዶ ይሆናል። ዩዘርኔሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾት አንሺ። ብር የላክሽበትን ደረሰኝም ያዢ። ብሎክ የምታደርጊው ከዚያ በኋላ ነው።

ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አንቀጽ 13 ስለዚህ ይናገራል። በከባድ ጉዳት ማስፈራራት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል። መረጃ እየደጋገሙ በመላክ ሰውን ማሸበርና ማስጨነቅ ደግሞ እስከ 5 ዓመት፤ ሲከብድም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት። በስልክ የተፈጸመም እዚህ ውስጥ ይገባል። ብቻሽን ጣቢያ መሄድ ከከበደሽ የዩኒቨርሲቲሽ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ግቢ ውስጥ ያለውን የሥርዓተ ጾታ ቢሮም አንኳኪ።

ለፎቶው «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» (StopNCII.org) የሚባል ነፃ የኢንተርኔት አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልክሽ አይወጣም። የሚላከው ከፎቶው የተሠራ መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዚያ ቁጥር እያዩ ያግዱታል። ቴሌግራም ላይ ከወጣ ደግሞ ለብቻው እዚያው ሪፖርት አድርጊ።

*«ከዛቻው በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ሆስፒታል ሄጄ ካርድ ክፍል ደረስኩ። ሰልፉ ላይ የሰፈራችንን ሴትዮ አየሁና ‹ምን ሆነሽ ነው?› ብትለኝስ ብዬ ተመለስኩ።»*

ይህችን መልእክት ደጋግሜ አነበብኳት። እዚያ ድረስ መሄድሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እውነትሽን ነው፤ ባሕር ዳር ሰው ይተዋወቃል። ግን ሆስፒታል ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ለጥርስም ለዓይንም መጥቶ ሊሆን ይችላል። መስኮቱ ጋ ጮክ ብለሽ መናገር ካስጨነቀሽ «የአእምሮ ሕክምና፣ ተመላላሽ» ብለሽ በወረቀት ጽፈሽ አቀብዪ። ወይም ጓደኛሽ ትሰለፍልሽ፤ አንቺ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ጠብቂ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለሰፈርሽ ቅርብ ስለሆነ ከከበደሽ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂጂ።

ብዙዎች የሚፈሩት ውስጥ ምን እንደሚገጥማቸው ስለማያውቁ ይመስለኛል። ባለሙያው ስለ እንቅልፍሽ፣ ስለ ምግብሽ፣ ስለ ሐሳብሽ ይጠይቅሻል። «መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ሊልሽም ይችላል። ሁሉም ይጠየቃል፤ አትደንግጪ፣ እውነቱን ንገሪው። ፎቶውን ማሳየት ግን አይጠበቅብሽም። ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን መናገርም የለብሽም። ገና ስትቀመጪ «የምነግርህ ነገር የት ድረስ ይሄዳል?» ብለሽ ጠይቂ። ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው፤ የሕይወት አደጋ ሲኖር ብቻ ሌላ ሰው ሊጨምር እንደሚችል ይነግርሻል። ሴት ባለሙያ ከፈለግሽም ጠይቂ። መጠየቅ ነውር አይደለም። የመጀመሪያዋ ካልተስማማችሽ ሌላ ሞክሪ እንጂ «ምክር አይጠቅመኝም» ብለሽ አትቅሪ።

*«የምጽፈው ከዘጌ ነው። የ16 ዓመት ልጄን ፊት ከሌላ ሰው እርቃን ጋር አጣብቀው በየስልኩ አዞሩት። ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ተኝታለች። ጎረቤት ጸበል ውሰጃት ይለኛል። ምን ላድርግ?»*

እናቴ፣ አይዞዎት። ጸበሉን ልጅዎ ከፈለገች ይሂዱ። የንስሐ አባትዎም አይዞሽ ቢሏት ደግ ነው። ነገር ግን ሕክምናውን አያስቀርብዎት፤ ሁለቱ አይጣሉም። በጀልባም በመኪናም ወደ ባሕር ዳር ከመምጣትዎ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደው ሪፈር ያጽፉ። የጤና መድህን አባል ከሆኑ ያለ ሪፈር ሆስፒታል ቢሄዱ ክፍያው በራስዎ ሊሆን ይችላል።

ለፎቶው፣ ዕድሜዋ ከ18 በታች ስለሆነ የሚያገለግላት «ቴክ ኢት ዳውን» (Take It Down) የተባለው ተመሳሳይ ነፃ የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። ስሟን ሳትናገር ራሷ ልትሞላው ትችላለች። ጣቢያ ሲሄዱ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያዩ መርማሪዎችን ይጠይቁ። የልጅ እርቃን ምስል ማሠራጨት በዚያው በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ ከባድ ወንጀል ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎት። «ስልኩን ተዪው ብዬሽ ነበር» አይበሏት። ስልኳንም አይቀሟት። ልጅ ይህን ስትፈራ ነው ሁለተኛ የማትናገረው። ዛሬ ማታ አጠገቧ ይተኙ።

*«ባጃጅ እነዳለሁ። የተጣላሁት ሰው ቲክቶክ ላይ ሌባ ነው ብሎ ለቀቀኝ። ደንበኛ ሲያየኝ የሚስቅብኝ ይመስለኛል። ወንድ ልጅ ለዚህ ብሎ ምክር ይሄዳል?»*

ይሄዳል፣ ወንድሜ። ያለ ስምህ ሌባ ተብለህ በቀን መቶ ሰው ፊት መቀመጥ ማንንም ይሰብራል። መለኪያው ይህ ይሁንህ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ አለመብላት፣ በምንም ነገር ደስ አለመሰኘት ሁለት ሳምንት ካለፈው ባለሙያ ጋ ሂድ። መጠጥ ከጨመርክ ሁለት ሳምንትም አትጠብቅ። መልስ ቪዲዮ ግን አትሥራ። ነገሩን የሚያራግበው መልስህ ነው። ቪዲዮውን ከነአካውንቱ ስም አስቀምጥና ክሰስ።

*«ጓደኛዬ ይሄ ደርሶባታል። ‹ብሞት ይሻለኛል› አለችኝ። የምሯን ይሁን አላውቅም።»*

የምሯን ነው ብለሽ ያዢው። «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት፤ መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣባትም። አዎ ካለችሽ ብቻዋን አትተዪያት። የምትጎዳበትን ነገር፣ በተለይ ኪኒንና የተባይ መድኃኒት፣ ከአጠገቧ አርቂ። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው። ካርዱን አንቺ አውጪላት። እስክትጠራ ድረስም እጇን ይዘሽ አብረሻት ተቀመጪ።