ወረቀቱ ሙሉ ነበር፤ ለሸዋ ልጆች ስለ ፍሪሜሶን ሎጅ ጉብኝት

ልጆቼ፣

ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ለትምህርት ወደ ውጭ ሊሄድ የተሰናዳ አንድ ወጣት «እዚያ ፍሪሜሶን ብሆን በሄድኩበት አገር ሁሉ ሎጅ ይቀበለኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ፍሪሜሶን የራሱ ምስጢራዊ ሥርዓት ያለው የወንድማማች ማኅበር አባል ነው፤ ሎጅ የማኅበሩ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ የአንድ አገር ወይም ግዛት ሎጆች የሚተዳደሩበት ደግሞ ታላቅ ሎጅ ይባላል። ሁሉም አይቀበልህም። በዚህ ብቻ ላልፈው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄው ይህን በጊዜው የሚነግረው ሰው ያጣ አንድ የአንኮበር ተወላጅ አስታወሰኝ፤ የእሱ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰውየው አሜሪካ ውስጥ የፕሪንስ ሆል ከሚባሉት የጥቁሮች ሎጆች የአንዱ አባል ነበር። ፕሪንስ ሆል የቦስተን ነጻ ጥቁር ሲሆን፣ እንደሚነገረው በ1775 (ዓመታቱ በፈረንጅ ናቸው) ከጓደኞቹ ጋር በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በነበረ የአየርላንድ ሎጅ በኩል ፍሪሜሶን ሆነ። በ1784 ከለንደን የሎጅ ፈቃድ ተጻፈላቸው፤ ቁጥሩ 459 ነበር። የነጮቹ ታላላቅ ሎጆች ግን «በአንድ ግዛት ከአንድ ታላቅ ሎጅ በላይ አይኖርም» እያሉ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ዕውቅና ነፈጓቸው። ደንቡ ሰበብ ነበር፤ ነገሩ ቀለም ነው።

የአንኮበሩ ሰው ለሥራ ወደ አንድ የደቡብ ከተማ ሄደና አመሻሽ ላይ በአቅራቢያው ወደነበረው ሎጅ ጎራ አለ። የዓመቱን መዋጮ የከፈለበት ካርድ በኪሱ፣ የታላቁ ሎጁ የምስክር ወረቀትና በስብሰባ የሚታጠቀው ሽርጡ በቦርሳው ነበሩ። ታይለር የሚሉት በረኛ በትሕትና ተቀበለው። ሁለት ሰዎች ወደ ጓዳ አስገብተው አባላት የሚተዋወቁበትን ምልክትና ቃል መረመሩት፤ አንድም አልሳተም። ከዚያ «ታላቁ ሎጅህ የትኛው ነው?» አሉት። ነገራቸው። በየዓመቱ የሚታተመውን የታወቁ ሎጆች ዝርዝር ገልጠው ፈለጉ፤ የለም። መልሰው ፈለጉ፤ የለም። እራት ቀርቦ ስለነበር አብሯቸው እንዲበላ ጋበዙት፤ ስብሰባው ሊከፈት ሲል ግን እያፈሩ ወደ ውጭ ሸኙት። ከዚያ ወዲያ መዋጮ መክፈሉን ተወ፤ በውዝፉም ከመዝገብ ተሰረዘ። በ1989 የኮነቲከት ታላቅ ሎጅ በግዛቱ ያለውን የፕሪንስ ሆል ታላቅ ሎጅ አወቀ፤ እንግሊዝም በ1994 የማሳቹሴትሱን አወቀች፤ ሌሎችም ተከተሉ። ለእሱ ግን አልጠቀመውም። በሩ ሲከፈት ካርዱ የሞተ ነበር።

እንግዲህ ዕውቅና የሚሰጣጡት ታላላቆቹ ሎጆች እንጂ አባላቱ አይደሉም። ዕድርን አስቡ፤ በቀበሌያችሁ ዕድር መዋጮ አጉድላችሁ ባታውቁም ማዶ ያለው ዕድር ድንኳን አይተክልላችሁም። የእንግሊዝ ታላቅ ሎጅ በ1929 ያወጣው መስፈርት ስምንት ነጥብ አለው፤ ዋናዎቹ ትውልዱ ከታወቀ ታላቅ ሎጅ ወይም ከሦስትና ከዚያ በላይ ሕጋዊ ሎጆች መሆኑ፣ በአምላክ ማመን፣ ቅዱስ መጽሐፍ ተገልጦ መቀመጡ፣ አባላቱ ወንዶች ብቻ መሆናቸው፣ ሃይማኖትና ፖለቲካ በሎጅ ውስጥ አለመነሳታቸው ናቸው። ግራንድ ኦሪየንት የሚባለው የፈረንሳይ ታላቅ ሎጅ በ1877 በአምላክ የማመንን ግዴታ ከሕጉ ስላወጣ ከእንግሊዝ ጋር እስከ ዛሬ አይጎበኛኙም። ፓሪስ ውስጥ ስማቸው የሚያደናግር ብዙ ናቸው፤ እንግሊዝ የምታውቀው የፈረንሳይ ብሔራዊ ታላቅ ሎጅን ነው። እሱንም ቢሆን በውስጥ ጠቡ ምክንያት በ2012 ዕውቅናውን ነሥታው በ2014 መልሳለታለች። በነዚያ ሁለት ዓመታት የአባላቱ ወረቀት ያው ነው፤ በሩ ግን ተዘግቷል። ስለዚህ አምና ገብቼ ነበር ማለት ለዘንድሮ አይሠራም።

ከአገር አገር የሚሄድ ሰው ለሎጁ ጸሐፊ ከሳምንታት በፊት ይንገር። ጸሐፊው ለታላቁ ሎጅ ዋና ጸሐፊ ይጽፋል፤ ዋና ጸሐፊው የምትሄዱበትን አገር ታላቅ ሎጅ ጠይቆ የትኛው ሎጅ መቼ እንደሚሰበሰብ ያስታውቃል። ከአስተናጋጁ ሎጅ ጋር በቀጥታ መጻጻፍ ብዙ ሰው ያሳሳተ አቋራጭ ነው፤ ያልታወቀ ሎጅም ደስ ብሎት ይመልስላችኋልና። የዘመኑን የመዋጮ ካርድ፣ የምስክር ወረቀቱን፣ ፓስፖርትና ሽርጥ መያዝ ነው። በካርዱና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን፤ የኛ ሰው የአባትና የአያት ስም ሲገለባበጥበት እዚህ ላይ ይያዛል። ምርመራው ጊዜ ስለሚወስድ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ መድረስ ይገባል። በስብሰባ አብሯችሁ የተቀመጠ አባል እዚያ ካለና ከመሰከረላችሁ ምርመራው ይቀራል። ሁሉም ተሟልቶም ቢሆን የሎጁ አለቃ እንግዳ የመመለስ መብት አለው። ከገባችሁ በኋላ ታላቅ ሎጃችሁ የማያውቀው ሎጅ ጎብኚ መኖሩን ካወቃችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ ውጡ፤ ብትቀመጡ የምትቀጡት በራሳችሁ ሎጅ ነው።

ግቡም አትግቡም አልልም። ይሁንና ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ ዲግሪያችሁን ያዙ፤ ቤተሰብና የነፍስ አባትም አማክሩ። የዛሬ ልጅ አንድም ሁሉን ሰይጣን ነው ብሎ ከዩቲዩብ ይማራል፣ አንድም በቴሌግራም «አባል ሁን፣ ሀብታም ትሆናለህ» ላለው የመመዝገቢያ ገንዘብ ይልካል። እውነተኛ ሎጅ ሀብት አይሸጥም፤ ማመልከቻ ያቀረበን ሰው አባላት ይደግፉታል፣ ኮሚቴ ያጣራዋል፣ ከዚያ በድምፅ ይወሰናል።

ለዚያ ወጣት ደግሞ፦ የደረሰህን ግብዣ ከመመለስህ በፊት የላከው ሎጅ በየትኛው ታላቅ ሎጅ ሥር እንደሆነ ጠይቅ። ስሙን ከነገሩህ በኋላ በአገሩ ላለው የታወቀ ታላቅ ሎጅ ጽሕፈት ቤት ጻፍና ያውቁት እንደሆነ ጠይቅ። በዕውቅና ጉዳይ ከተመለስክም በር ላይ አትከራከር፤ በረኛው የሚያነበው የተሰጠውን ዝርዝር ነው፣ አቤቱታህ ለራስህ ሎጅ ጸሐፊ ይሁን።