መልስ፦ ትሪቲየም ዓሣ ውስጥ ይከማቻል ወይ?

«ትሪቲየም እንደ ውኃ ከሆነ እንዴት ዓሣ ውስጥ ይቀራል?» ላልከው፣ ግማሹ ልክ ነህ። ትሪቲየም ራዲዮአክቲቭ የሆነ የሃይድሮጅን ዓይነት ነው፤ ጨረሩ ደካማ ነው፣ ቆዳ እንኳ አያልፍም። እንደ ውኃ ከገባም ቶሎ ይወጣል።

በብሪታንያ፣ ዌልስ ያለችው የካርዲፍ ከተማ ጉዳይ ግን ሌላ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚያ ከነበረ የራዲዮአክቲቭ ኬሚካል ፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ሴቨርን ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ ይደርስ ነበር። የትሪቲየሙ ከፊል ደግሞ ከካርቦን ውህዶች ጋር የተጣበቀ ነበር። ጭቃው ላይ ተለጥፎ የሚውለው ጠፍጣፋ ዓሣና ሙሰል የሚባለው ባለ ዛጎል ውስጥ ከባሕሩ ውኃ ከሺህ እጥፍ በላይ ተገኘ! ትል ጭቃውን ይበላል፣ ዓሣው ትሉን። ሥጋው ውስጥ ከተዋሃደ በቀላሉ አይለቅም።

ዓሣው አለቀ ማለቴ አይደለም፤ የተሰላው የጨረር መጠን ዝቅተኛ ነበር። በቤተ ሙከራ ግን ትሪቲየም ያለበት ውኃ ውስጥ የቆዩ ሙሰሎች የደም ሴል ላይ የዲኤንኤ ጉዳት ታይቷል።