ከፊርማው በፊት መዝገቡን ክፈቱ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዳማ ላይ ወላጅ ያጡ ልጆችን የምትደግፍ ትንሽ ድርጅት አላችሁ። በከተማው ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሌሎች አራት ድርጅቶች አሉ። ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠራችሁ፣ ሰው መጣ፣ «በጋራ እንሥራ» ተባለ፣ ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። አሁን የምትጠይቂው የመግባቢያ ሰነድ ይሻላል ወይስ ኅብረት ሆናችሁ መመዝገብ ነው።

ሁለቱንም ለጊዜው ተዉት። ይህን የምልሽ ደሴ ውስጥ በዚሁ ሥራ አሥር ዓመት ስለቆየሁ ነው። ሁለት ኅብረት ሲፈርስ አይቻለሁ። አንዱ ደግሞ ጸንቷል።

የመጀመሪያው የተጀመረው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። አንድ ፕሮጀክት የስብሰባ በጀት ነበረውና አበል ይከፈል ነበር። ሊቀመንበር፣ ምክትልና ጸሐፊ መረጥን። ራዕይና ተልዕኮ ስንጽፍ ሁለት ቀን ሙሉ ዋልን። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አበሉ ቆመ፤ አበሉ ሲቆም ሰው ቀረ። ማንንም አልወቅስም። ከስብሰባው ውጪ አብረን የምንሠራው አንድም ነገር አልነበረንም። ታዲያ ሰው ምን ብሎ ይምጣ?

ሁለተኛውን ያፈረሰው ፎቶ ነው። ከእኛ በጣም የሚበልጥ አንድ ድርጅት አብሮን ገባ። መኪና አለው፣ ባነር አለው፣ ካሜራ የያዘ ባለሙያ አለው። ለበዓል ዘይትና ዱቄት በጋራ አከፋፈልን። ከወራት በኋላ ሪፖርቱን ስናየው የሁላችንም ልጆች የእሱ ሆነው ተቆጥረዋል። የሌሎቻችን ስም የትም የለም። ሁለት ድርጅቶች በዚያው ሳምንት ወጡ። ጥፋቱ ግን የእነሱ ብቻ አይደለም። የትኛው ልጅ በማን ሪፖርት እንደሚቆጠር፣ ፎቶ በማን ስም እንደሚወጣ ከመጀመሪያው አልተነጋገርንም ነበር። ይሉኝታ ያዘን። እናንተ ተነጋገሩበት። ስግብግብነት ቢመስልም ተነጋገሩበት።

ሦስተኛው ስም እንኳ ሳይኖረው ነው የተጀመረው። ወሩ መስከረም ነበር። አንዲት ማኅበራዊ ሠራተኛችን ሆጤ አካባቢ ቤት ለቤት ስትዞር፣ አንዲት ልጅ ቤት ግድግዳው ላይ ሦስት አዳዲስ ቦርሳ ተሰቅሎ አየች። በሦስቱም ላይ የተለያየ ድርጅት አርማ አለ። አጥር የሚጋሩት የጎረቤት ልጆች ደግሞ ደብተራቸውን በፌስታል ይዘው ነው የሚማሩት። ልጅቷ አላታለለችም። አያቷ «ኑ አስመዝግቡ» በተባሉበት ቦታ ሁሉ የሄዱ ሴት ናቸው። ያልተነጋገርነው እኛ ነን።

ለሌሎቹ ደወልን። ዳይሬክተሮቹን አልጠራንም። የጠራነው መዝገቡን የሚይዙትን፣ ልጆቹን በስም የሚያውቁትን ሠራተኞች ነው። አራት መዝገብ ተሰበሰበ። ጠረጴዛው ስላልበቃ ሁለቱን ወንበር ላይ ዘረጋናቸው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው በራሱ መዝገብ ላይ ይፈልጋል። መጀመሪያ ምንም አልተገናኘልንም። በአንዱ «መሀመድ» የተባለው በሌላው «ሙሐመድ» ነው። አንዱ ልጅ በቤት ስሙ፣ ሌላው በትምህርት ቤት ስሙ ተመዝግቧል። ኋላ አንዷ ሠራተኛ «በአሳዳጊ ስምና በሰፈር እንፈልግ» አለች። ያኔ ስሙ ሁሉ መገናኘት ጀመረ። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ፣ የተደጋገሙት ልጆች ዝርዝር አንድ ገጽ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው አልፎ ነበር።

እዚያው ተቀምጠን ተከፋፈልን። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ተጠሪ ድርጅት ይኑረው አልን። የሚተርፈው ቦርሳና ደብተር በፌስታል ለሚማሩት ይሂድ አልን። ገጹ ላይ አራታችንም ፈረምን። ውላችን ያች ገጽ ነበረች።

ይህን ዘዴ ከየትም አላመጣነውም። እድር የሚሠራው እንዲህ ነው። ሐዘን ሲደራረብ ድንኳን ያጥራል፣ ከጎረቤት እድር ይዋሳሉ። ለመዋዋስ ብለው ኅብረት አላቋቋሙም። ሲመልሱ ግን ካስማው ሳይቀር ተቆጥሮ ነው የሚመለሰው። እናንተም መጀመሪያ የምትዋዋሱትን ነገር ፈልጉ። ለአንዱ መኪና ይኖረዋል፣ ለሌላው አዳራሽ፣ ለሦስተኛው ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛ። እኛ ዘንድ የአንዱ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ የሁለቱን ትንንሾች ሰነድ ለኦዲት ታዘጋጅላቸው ነበር። ያቺ ሴት ከሊቀመንበራችን በላይ አስተሳስራናለች። ስብሰባውም በየወሩ በየተራ በየቢሯችን ሆነ። ያለ አበል። ባለተራው ቡና ያፈላል፣ ሳይነግር የቀረ እንደ እድር ቅጣት ይከፍላል።

የዚህ ነገር ዋጋ የገባን ግን በጦርነቱ ነው። በ2013 ክረምት መጨረሻ ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ገባ። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ መጠለያ ሆኑ። እርዳታ የሚያመጣው ሰው ብዙ ነው፤ አንዱ መጠለያ ዳቦ ይደራረብበታል፣ ሌላው ሳይበላ ያድራል። አራታችን አንድ ስብሰባ አላስፈለገንም። ትምህርት ቤቶቹን በስልክ ተከፋፈልን፣ በዚያው ቀን ምዝገባ ጀመርን። አንዱ የሌላውን ሠራተኛ በስም ስለሚያውቅ «ፈቃድ አምጣ» የሚል አልነበረም። በጥቅምት 2014 ከተማዋ ራሷ ተያዘች፣ እኛም ተበተንን። አንዷ ባልደረባችን የጋራውን መዝገብ በነጠላ ጠቅልላ ደብረ ብርሃን ድረስ ይዛው ሄደች። በኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ነፃ ወጥታ ስንመለስ ከቢሯችን የተረፈ ነገር አልነበረም። ልጆቹን መልሰን መፈለግ የቻልነው በዚያች ሲናርላይን ደብተር ነው።

ስለ መዝገብ አንድ ነገር አደራ። የልጆች ስም ዝርዝር በቴሌግራም አይላክ። ፎቶ አንስታችሁም አትላላኩ። ማን ወላጅ እንደሌለው፣ ማን እንደታመመ፣ የት እንደሚኖር የያዘ ወረቀት ነው። አሳዳጊውን አስፈቅዱ። ጠረጴዛ ላይ አብራችሁ አንብቡት፣ ከዚያ ይቆለፍበት።

አሁን ወደ ምዝገባው ልምጣ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ድርጅቶች ኅብረት መመሥረት ይችላሉ። የቀድሞው አዋጅ 621/2001 ብዙ ነገር ያጣብብ ነበር። ከወጪው ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማው ሥራ፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር ይሁን የሚለው የ70/30 መመሪያ የሥልጠናና የጉዞ ወጪን ሳይቀር አስተዳደር ውስጥ ይከት ስለነበር፣ ማስተባበር የሚባል ሥራ ለሁላችንም የማይቀመስ ነበር። አዲሱ አዋጅ የአስተዳደር ወጪን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ትርጉሙን ግን ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘ ወጪ ብሎ አጥብቦታል። ስለዚህ አስተባባሪ ስትቀጥሩ ሥራውን በፕሮጀክቱ ዕቅድ ውስጥ በዝርዝር አስገቡት። እንዲሁ «የጽሕፈት ቤት ደመወዝ» ተብሎ ከተጻፈ 20 በመቶው ውስጥ ይገባና ለትንሽ ድርጅት ከባድ ይሆናል።

ከመሄዳችሁ በፊት አምስታችሁም የምዝገባ ምስክር ወረቀታችሁን ጠረጴዛ ላይ አውጡ። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ድርጅት በክልሉ ነው የሚመዘገበው። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራው፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የተቋቋመው፣ እንዲሁም የውጭ ድርጅት በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሥር ነው። ከአምስታችሁ ሦስቱ እዚህ፣ ሁለቱ እዚያ ከሆናችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ፎርም መሙላቱ ይቆይ። ዓመታዊ ሪፖርቱንና ኦዲቱን በጊዜው ያላስገባ አባል ካለም እሱን አስቀድማችሁ እርዱት። የአንዱ መዘግየት ለሁላችሁም መዘግየት ነው።

ሥራችሁ ሲሰፋ አዲስ ኅብረት ከማቋቋም ነባሩ ውስጥ አባል መሆንም አለ። ሲሲአርዲኤ የሚባለውን የእርዳታና የልማት ድርጅቶች ኅብረት ታውቂዋለሽ። የተመሠረተው በ1965 ዓ.ም. በወሎው ረሃብ ጊዜ ነው። የሃይማኖት ተቋማትና የእርዳታ ድርጅቶች እህልና መድኃኒት ሳይደራረብ እናድርስ ብለው ተሰባሰቡ። አሁን በመላ አገሪቱ ብዙ መቶ አባላት አሉት። ደሴ ሆኜ ይህን ሳስብ ልቤን ይነካኛል። እነሱም የጀመሩት አጠገባቸው የነበረውን ችግር ከመከፋፈል ነው።

ገንዘብን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የጋራ የባንክ ሒሳብ አትክፈቱ። ወጪ ሲኖር እያንዳንዱ ድርሻውን በቀጥታ ለሻጩ ይክፈል፣ ደረሰኙም በራሱ ስም ይቆረጥ። ለጋሽ መጥቶ «በጋራ ፕሮፖዛል አምጡ» ካለ ደግሞ አንድ መሪ ድርጅት ምረጡ። ትልቁን ሳይሆን ሒሳቡ ንጹሕ የሆነውን። መሪው ለአስተዳደር ስንት እንደሚይዝ፣ ለሌሎቻችሁ በስንት ቀን እንደሚያስተላልፍ፣ አንዱ ሪፖርት ቢያዘገይ ምን እንደሚደረግ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ይጻፍ። ብሩ ባንክ ከገባ በኋላ ማንም ለመፈራረም ጊዜ የለውም። የመግባቢያ ሰነድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ገጽ ይበቃል።

በከተማው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚይዘው የመንግሥት ቢሮም ከጅምሩ ይወቅ። ሰብሳቢ አታድርጉት፤ ከተደረገ ስብሰባው የእሱ የሥራ ሪፖርት ሆኖ ይቀራል። ግን የተደጋገሙትን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱና ያልተመዘገቡትን ልጆች እንዲጠቁማችሁ ጠይቁት። እኛን በጣም ረድቶናል።

ጊዜውን አስቢበት። ሰኔ ላይ ሁሉም በጀት ይዘጋል፣ ሒሳብ ሠራተኛ ቀና ብሎም አያይሽ። ነሐሴ ላይ ደግሞ የደብተር ግዢው አልቋል፣ መከፋፈሉ ዋጋ የለውም። ሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ላይ መዝገብ የሚይዙትን አምስት ሰዎች ጥሪያቸው። ለግማሽ ቀን ነው በያቸው፣ ቡናው ከእናንተ ይሁን። አራቱ እሺ ብለው አንዱ ቢቀር አትጠብቁት፣ በአራት መዝገብ ጀምሩ። እኛም ዘንድ ያኔ ያልመጣ አንድ ድርጅት ነበር። በሁለተኛው ዓመት መዝገቡን ተሸክሞ ራሱ መጣ።