ሳጥኑ ለምን ይላላል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦ «ለረጅም ጉዞ የምጠቀምበት ሞተር በሁለቱም ጎን የአሉሚኒየም ሳጥን አለው፤ ከኮርቻው ኋላም ሦስተኛ ሳጥን አስገጥሜያለሁ። በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጌ አርባ ምንጭ ስሄድ የጎን ፖርቶ መጋላው (ሳጥኑን የሚሸከመው ብረት) ብሎኖች ላሉ፤ አንዱማ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። 80 ስገባ ደግሞ መሪው ይወዛወዛል። ብሎኖቹን ከዚህ በላይ ላጥብቃቸው?»

አይ፣ ወንድሜ፣ በጉልበት አትሂድበት። የታሰረው ብረት እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ብሎኑ ቀስ በቀስ መፈታቱ አይቀርም። ከልክ በላይ ስታጠብቀው ደግሞ የፍሬሙ ጥርስ ይበላል፤ ያ ከመላላቱ የባሰ ጣጣ ነው። የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካላለ፣ ራሱ ላይ 8.8 (የጥንካሬ ደረጃው) የተጻፈበት 6 ሚሊ ብሎን 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ገደማ ይበቃዋል፤ 8 ሚሊው 25 ገደማ።

መጀመሪያ ሳጥኖቹን አውርድ። የአንዱን ፖርቶ መጋላ ታችኛውን ጫፍ ያዝና ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ወዝውዘው። እሱ እየተንቀሳቀሰ የወዲያኛው ጎን ዝም ካለ፣ ሁለቱን የሚያያይዝ ማገር የለም ማለት ነው። በኮሮኮንች ላይ እያንዳንዱ ለብቻው ሲወዛወዝ ሸክሙ ሁሉ ብሎኖቹ ላይ ያርፋል። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው። ከኋላ ጎማው በስተጀርባ፣ ከታርጋው ሥር፣ ሁለቱን ጎን የሚያገናኝ ቱቦ ብረት አስገባ። የኋላው ሞላ እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ጎማው እንዳይነካው ለክተህ ሥራ። በብሎን ይታሰር፤ ፍሬሙ ላይ በያጅ እንዳይነካብህ አደራ።

እግረ መንገድህን የፖርቶ መጋላውን የብየዳ ጠርዝ በባትሪ እይ። እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ካየህ ተሰንጥቋል፤ አትጫንበት።

ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አውጣ። ጥርሳቸውን ከዘይትና ከአቧራ አጽዳና አድርቅ። አንድ ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ይበቃል፤ ቀዩን ተወው፣ በእሳት ካልሞቀ አይፈታም። ዳዶ የሚገባበት ቦታ ላይ ውስጡ ፕላስቲክ ያለውን ዳዶ ተጠቀም። የሳጥኑ ላሜራ እንዳይቀደድ ከውስጥ ሰፊ ሮንዴላ አድርግለት። አጥብቀህ ስትጨርስ ከብሎኑ ራስ ጀምረህ እስከ ብረቱ ድረስ በጥፍር ቀለም አንድ መስመር አስምር። ቡታጅራ ለቡና ስትቆም መስመሩን እይ። ከተጣመመ ብሎኑ ዞሯል።

የመሪው መወዛወዝ ከጭነቱ አቀማመጥ ሊመጣ ይችላል። የላይኛው ሳጥን ከኋላ ጎማው እምብርት ወደ ኋላ ስለሚያልፍ ክብደቱ የፊት ጎማውን ያቀለዋል። እዚያ የዝናብ ልብስና ቀላል ነገር ብቻ ይቀመጥ፤ የብዙ ሳጥኖች ገደብ 5 ኪሎ ገደማ ነው። መፍቻና ውሃ ጎን ሳጥኖቹ ውስጥ፣ ከታችና ወደ ፊት ይሁን። የማርሚታው ጎን ሳጥን ብዙ ጊዜ ጠባብ ስለሆነ በዓይን አትገምት፤ ሁለቱንም በሚዛን አመዛዝን። የኋላውን ሞላ ለጭነት አጥብቀው፤ የጎማውንም ንፋስ መመሪያው ለሙሉ ጭነት በሚለው ልክ ሙላ።

ይህን ሁሉ አድርገህ፣ ሳጥኖቹ ወርደውም መሪው ከተወዛወዘ ጉዳዩ የሳጥን አይደለም። የመሪውንና የጎማዎቹን ኩሽኔታ አስፈትሽ።